ለከድር ጀልባ አሥር ኢንች

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ ጠዋት

መብራት የለም። ሱቁን ጠርጌ ጨረስኩ፤ ውርጩ ጣቴን አደንዝዞታል። አባዬ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የአንድ ባጃጅ ቴፕ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ በከሰል በጋለ ብረት ይበይዳል። እንደምን አደርክ አልኩት። መልስ የለም። ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ታውቀዋለህ ደብተሬ፣ ስንቴ አማሁልህ።

ከድር መጣ። እዚሁ አሰላ ያደገ፣ ዝዋይ ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባ ሰው የሚያመላልስ ነው። የጀልባውን ማማ ፈትቶ በፒክአፕ ጭኖ አምጥቶታል። ማማ ስልህ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ከጀልባው ግራና ቀኝ ተነሥቶ ከሰው ራስ በላይ የሚገናኝ የቱቦ ብረት ነው። እሱ ላይ አራት ስፒከር ይሰቀልልኝ ይላል። ለጥምቀት የሰ/ት/ቤት መዘምራን የሚሳፈሩት በእሱ ጀልባ ነው። ታቦቱን ውኃ ላይ እያጀቡ ሲዘምሩ ዳር የቆመው ሕዝብ ቃሉን መስማት አለበት።

አባዬ ደስ ብሎታል። ከጢቾ እስከ ሲሬ ስንት ቤ/ክ፣ ስንት መስጊድ ድምፅ ማጉያ ሰቅሏል፤ ጀልባ ላይ ግን ሠርቶ አያውቅም። ቱቦውን በጥፍሩ አንኳኳ፣ ዙሪያውን ዳበሰው፣ ከድርን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሲፈካ ልጁ ደስ ሊላት ይገባል። እኔ ግን ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ነው የሆንኩት። ምክንያቱን አላውቅም።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ተጣላን። ማለት እኔ ተጣላሁ። እሱ አልተጣላም።

አባዬ ስፒከሩ አሥር ኢንች ካልሆነ ይላል። እኔ ስድስት ተኩል ይበቃል እላለሁ፤ ካልሆነ ስምንት። ነገሩ የኢንች ብቻ አይደለም። ያለን አምፕ፣ ለስፒከሮቹ ጉልበት የሚሰጠው ሳጥን፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ነው፣ የሚሰጠው ጉልበት ሌላ። የካርቶኑ ቁጥር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ የሚደርስበት ጫፍ ነው፣ እሱ ለገበያ ነው። ሳይደክመው ቀኑን ሙሉ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ስፒከር ሃምሳ ዋት ቢሆን ነው። አሥር ኢንቹ ደግሞ በወጉ ለመሥራት የዚያን ሦስት እጥፍ ይፈልጋል።

ሰው ሁሉ ትልቅ አምፕ ትንሽ ስፒከር ያቃጥላል ብሎ ይፈራል። ትንሽ አምፕም ያቃጥላል፣ እሱን ማንም አይፈራም። ጉልበቱ አልቆ ሳለ ቮልዩሙን ስትጨምርበት የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። የተቆረጠው ድምፅ ሻካራ ይሆናል፤ ሻካራው በየሳጥኑ ያለችውን፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ስፒከር ይጠብሳታል። ሐይቅ ላይ ደግሞ መጨመራችን አይቀርም። ሱቅ ውስጥ ግድግዳ አለ፣ ድምፁን መልሶ ይሰጥሃል። ውኃ ላይ ምን አለ? የሄደው እንደሄደ ይቀራል። በላዩ ነፋስ፣ በላዩ ሞተር።

ክብደቱም አለ። አራት አሥር ኢንች ከነሳጥኑ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ልጆች ተሳፍረው፣ ጀልባው ዘመም ሲል ይታየኛል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ፊት ፊቴን እያየ ሰማኝ። ከዚያ ስድስት ተኩሉን ከመደርደሪያ አወረደ፣ መዳፉ ላይ አገላበጠው፣ መለሰው። ይሄ አይናገርም አለ። በቃ። የከተማው ሚኒባስ ሁሉ ታዲያ የሚጮኸው በምን ሆነና?

አባዬ ግትር አልነበረም። ይህን ልጻፍልህና ልተኛ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

አሥር ኢንቹ ተገጠመ። ማሸነፍ ድሮም አልችልበትም።

ማማውን ሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አቆምነው፤ ባትሪ አገናኘሁ። አባዬ መዝሙር ከፈተ። ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። ሻካራ! ጆሮ ውስጥ አሸዋ የሚታሽ ይመስላል። የጎረቤታችን ጎሚስታ ጎማውን ትቶ ወጣ። አላፊው ቆመ። አባዬ አንድ እጁን ስፒከሩ ላይ እንዳደረገ ዞሮ፣ እንዴት ነው አለ።

ከድር ቀደመ። ቆንጆ ነው ጋሽ ተሾመ፣ እጅዎ ይባረክ። ጎሚስታው አውራ ጣቱን አነሣ። አባዬ ወደ እኔ አየ።

ጥሩ ነው አልኩ።

ሰው ፊት ነዋ። ከድር ፊት፣ ጎሚስታ ፊት የገዛ አባቴን እንዴት አድርጌ። ብቻችንን ስንሆን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ብቻችንን ሆንን፣ ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣን፣ ስለ ገብስ ዋጋ አወራን። አልነገርኩትም። ራሴን ታዘብኩት።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

የገና ማግስት። 

ጠዋት ሱቅ የረሳሁትን ቻርጀር ላመጣ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባዬ ውስጥ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አባዬ አልኩት። ዝም። ሁለተኛ ጠራሁት፣ ጮክ ብዬ። ዝም። ሥራ ላይ አልነበረም፤ ምንም አይበይድም፣ ምንም አይፈታም። ከማማው የተረፈ አንድ አሥር ኢንችና ስድስት ተኩሉን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሞ፣ መዝሙር ለቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን አሥር ኢንቹ ላይ አሳርፏል። ቆየ። ፊቱ ላይ ደስታ አለ። ከዚያ መዳፉን ወደ ስድስት ተኩሉ አዛወረ። ጫን አደረገ። በጣቶቹ ጫፍ ፈለገ። ራሱን ነቀነቀና እጁን አነሣ።

ስድስት ተኩሉ ያን ጊዜ ጥርት አድርጎ እየዘመረ ነበር። ቃል በቃል ይሰማኝ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ።

ገባህ? የሚሰማው በእጁ ነው። ትልቁ ስፒከር መዳፉን ይገፋዋል፣ ትንሹ አይገፋውም። ለዚህ ነው አይናገርም ያለኝ። ወፍራሙ ድምፅ ይዳሰሳል፣ ቀጭኑ አይዳሰስም። ሻካራው ያለው ደግሞ ቀጭኑ ውስጥ ነው። አባዬ አልሰማውም። አልሰማውም! እኔ በግትርነት ስከሰው ከረምኩ።

ሳያየኝ ወጣሁ።

እማዬ ጓሮ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ነገርኳት። ቀና አላለችም። ካቻምና ነው የጀመረው አለች። ሬዲዮውን ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ ጭራሽ ተወው። እሷ ፊት ለፊቱ ካልቆመች አታወራውም፤ ከንፈር ያነባል። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ምን ብዬ አለችኝ። ሰውየው የኖረው በጆሮው፣ የተከበረው በጆሮው። አንቺም ዝም በይ፣ ልቡን እንዳትሰብሪው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቧንቧውን ከፍቼ። ለማን እንዳይሰማ እንደሆነ እንጃ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ማማው የከድር ነው። ከድር ራሱ ቱቦው አሥር ኢንች አይሸከምም ቢል ነገሩ ያልቃል። የአባዬ ጆሮ ሳይነሣ፣ ማንም ሳያፍር።

ሻይ ቤት አገኘሁት። ስኳሩን እያማሰለ ሰማኝ። ብዙ አማሰለ። ከዚያ አውቃለሁ አለ። የእህቱ ሠርግ ላይ ነው ያወቀው። ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦው፣ እያፏጨ፣ ሰዉ ጆሮውን ይዞ፣ አባዬ ግን አጠገቡ ቆሞ በእርጋታ ሲጋራ ሲለኩስ። ያኔም ማንም አልተናገረም።

እና አባዬን ንገረዋ አልኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። «ወላሂ እኔ አልችልም። ልጅ ሆኜ የአባቴን ሬዲዮ በነፃ የሠሩልን ሰው ናቸው። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?» ስፒከሩ ከተቃጠለም ይቃጠል፣ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም አለ። ለእኔ ቸርነት እየዋለልኝ ነበር። አመሰገንኩት፣ ምን ላድርግ።

ስመለስ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ። የሰ/ት/ቤቱ ሰብሳቢ ከአባዬ ጋር ሲያወራ እጁን የሚያወራጨው ለምን እንደሆነ። ጎሚስታው ከማዶ መጣራት ትቶ ተሻግሮ መጥቶ ክንዱን የሚነካው ለምን እንደሆነ። ከተማው ያውቃል። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፣ አብሬው የምውለው። ሁላችን ተባብረን አንድ ሽማግሌ እናታልላለን፤ ስሙ ደግሞ አክብሮት ነው።

ዛሬ ሰው ሁሉ አስጠልቶኛል። አንተም ደብተሬ።

ጥር 8፣ ሐሙስ፣ ከዝዋይ መልስ

ከአሰላ በካፖርት ወጥተን ዝዋይ በሸሚዝ ደረስን። ማማው ጀልባው ላይ ታሰረ። ከድር ሞተሩን አስነሥቶ ገና ዳሩን ሳይለቅ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ተኛ ብሎ ተነሣ።  ከድር እርጉዝ እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ።

ጥቂት መዘምራን ለሙከራ ተሳፍረዋል። ማይኩን ይዘው ጀመሩ። ዳር አጠገብ እያለን ደህና ነበር። መሃል ስንገባ ድምፁ ከአፋቸው ወጥቶ ይጠፋል፤ እንዳልኩት፣ የሚመልስ ነገር የለም። አባዬ ዳር የቆሙትን አየ። አይወዛወዙም። ጨመረ። አሁንም አየ። ጨመረ። አምፑን ብነካው እንደ ካውያ። ሻካራው መጣ፣ ባሰ፣ ከዚያ ሽታ። የሚቃጠል ሙጫ ሽታ። መጀመሪያ አንዷ ትንሽ ስፒከር ሞተች፣ ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ተከተሏት።

ቃሉ ጠፋ። የቀረው ጉምጉምታ ነው፣ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራው። መዘምራኑ እርስ በርስ ተያዩ። መዘመራቸውን ግን አላቆሙም። አባዬ ማማው ሥር ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ መዳፉን አሥር ኢንቹ ላይ አድርጎ ፈገግ ብሏል። መዳፉ ሥር ያለው ወፍራሙ ነው፣ እሱ አልሞተም። እንዴት ነው አለ።

ልጆቹ ነቀነቁ። ዳር ያሉት አጨበጨቡ። ከድር ከመሪው ላይ ሳይዞር ቆንጆ ነው አለ፤ ከንፈሩ እንደማይታይ ትዝ ብሎት ዞሮ ደገመው። አባዬ ወደ እኔ አየ። ውኃውን አየሁ። ከዚያ ነቀነቅኩ። አዎ፣ እኔም።

መንገድ ላይ አባዬ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከመተኛቱ በፊት ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል አለኝ። እስክንደርስ ድረስ ትከሻዬን አላንቀሳቀስኩም።

ጥር 9፣ ዓርብ፣ 4 ሰዓት

ነገርኩት።

እማዬን አላማከርኩም። ሱቁን ዘጋሁ፣ ወንበር ስቤ ጉልበቴ ጉልበቱን እስኪነካ ቀረብኩ፣ ፊቴን ብርሃን ወዳለበት አዞርኩ። ትንንሾቹ ተቃጥለዋል አልኩት። ቃሉ አይሰማም። ትናንት መጥፎ ነበር። ባለፈው እዚህ ደጃፍ የሞከርነውም መጥፎ ነበር። ድገሚው አለ። ደገምኩት። ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

ስፒከሩ ነው ጥፋተኛው ይላል ብዬ ጠብቄያለሁ። ወይ ይቆጣል። ወይ አይ፣ እሰማለሁ ብሎ ይሟገተኛል። ለሁሉም መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

«መስማት ማቆሜን አላውቅም መሰለሽ?» አለ። «ለዚህ እኮ ነው የምጠይቃችሁ። ጆሮዬ እናንተ ነበራችሁ።»



እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ አድናቆት የፈለገ መስሎኝ ኖሯል። የከተማው ሰው ሁሉ የመሰለው ይሄ ነው። እሱ መለኪያ እያነበበ ነበር። እኛ ነበርን ቆጣሪው። የቆጠርንለት ሁሉ ውሸት።

ከዚያ ቦታ እየጠራ ጠየቀኝ። ከካቻምና ወዲህ የሠራቸውን። የሲሬው? ሻካራ ነው አባዬ። የጢቾው? እሱም። የጮሌው? እሱ ደህና ነው። ለእኔ ብለሽ ነው? አይደለም፣ እሱን እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ነቀነቀ። ለእያንዳንዱ ነቀነቀ። ሰዉ በየሰንበቱ ያን እየሰማ ዝም ብሎኛል አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። ቢጮኽብኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ፊት ለፊቱ ዞሬ ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ እነግርሃለሁ አልኩት።

ወጥቶ ደረጃው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ፣ ስድስት ተኩሉን አውርጂ፣ ከሰዓት እንወርዳለን አለ።

ጥር 10፣ ከተራ፣ 3 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ትናንት ወርደን የከድር ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት በብርዱ አሥር ኢንቾቹን አወረድናቸው። ከድር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። አባዬ ቱቦውን ያዘልኝ፣ እኔ ብሎኑን አጠበቅኩ። አራት ስድስት ተኩል። እያንዳንዱ ስልሳ ዋት ይችላል፣ አምፑ ሃምሳ ይሰጠዋል። ማንም ማንን አያስጨንቅም። ፊታቸውን ወደ ተሳፋሪው ሳይሆን ወደ ዳር አዞርኳቸው። አምፑ ሳይጨነቅ እስከምን እንደሚሄድ ፈልጌ እዚያው ላይ በቀለም ምልክት አደረግኩ። ከዚያ በላይ እጅ እንዳይነካው።

ከዚያ ማስተካከል። እሱ አምፑ ላይ፣ እኔ ዳር። እንዴት ነው አለ በእጁ። ወፍራሙ በዝቷል። ቀነሰ። አሁን ቀጭኑ ይናከሳል። ቀነሰ። መዘምራኑ ያፈጡብኛል፤ በልባቸው ባለጌ ሳይሉኝ አልቀሩም፣ አባቷን በሰው ፊት። እጄን አነሣሁ፣ አሁን ጥሩ ነው። አባዬ ከጀልባው ወርዶ እስከ ቆምኩበት መጣ። ፊቴን ረጅም ጊዜ አየው።

ያምነኝ አያምነኝ አላወቅኩም። ብዙ ዋሽቻለሁ።

ጀልባው ላይ አልወጣም ብሏል። እማዬ ነገ ስትመጣ ከሕዝቡ ጋር ይቆማል።

ጥር 12፣ ሰኞ፣ 5 ሰዓት፣ ሱቅ

ትናንት ደህና ሆነ። ቃሉ ዳር ደረሰ። አይጮኽም፣ ግን እያንዳንዱ ቃል ተለይቶ ይሰማል፤ ሰው ተቀብሎ ይዘምር ነበር። አንዲት ሴትዮ አምና ሌላው ጀልባ ላይ የነበረው ይበልጥ ይጮኽ ነበር አለችኝ። ምስጋናዬ ይሄው ነው።

ከጀልባው ላይ አባዬን ፈለግኩት። ነጭ ጋቢ ለብሶ ውኃው አፍ ላይ ቆሟል፣ እማዬ ክንዱን ይዛዋለች። እኛን አያይም። ጎኑ ያሉትን ሰዎች አፍ አፋቸውን ያያል። እየተቀበሉ መሆኑን ሲያይ እሱም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ዘግይቶ። 

ዛሬ አርፍዶ መጣ። አርፍዶ አያውቅም። ቆሞ ሱቁን ዞሮ አየው። ከዚያ ፊቴ መጥቶ ቆመና፣ እዚህ ለእኔ የቀረ ሥራ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ፣ ዓርብ ዕለት፣ በገዛ አፌ። ማስተካከሉ ላይ የለም አልኩት።

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ነበር። ቀጣዩ ነበረኝ፣ ዋናው እሱ ነበር፤ ግን ቃል ስመርጥለት ዘገየሁ። እሱ ነቀነቀ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ልክ ከድርን እንደሚያደርገው፣ እና ወጣ። ብየዳው ግን ያላንተ አይሆንም አባዬ፣ የአንተን እጅ የሚያህል እዚህ ከተማ ውስጥ የለም። አልኩት። ከጀርባው ነው ያልኩት። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ባጃጅ እንኳ አልነበረም። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ተከትዬው መሮጥ ነበረብኝ። ደንበኛ ገባ፣ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ ማን ነው የሚበይደው አለኝ። አባቴ ነው አልኩት።

ቴፑን ለምሳ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙሬ፣ ቀስ ብዬ እደግመዋለሁ። እውነት ነው። ስታዝንልኝ ነው እንጂ ብሎ ቢያስብስ፣ ጥሩ ነው እያልን የኖርን ሰዎች አሁን ደግሞ እውነት ስንል እንዴት ያምነናል?